ማስመሪያ የማይደርስበት ብስክሌት

ደራራ ሁሪሳን ታስታውሱታላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2021 የቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ድሉ ተሰረዘ። የጫማው ሶል 5 ሴንቲ ሜትር፣ የተፈቀደው 4። ያን ቀን ብናደድም ፍርዱ ግራ አላጋባኝም። ማስመሪያ ያለው ሁሉ ለክቶ ሊያየው የሚችል ነገር ነዋ።

ሰሞኑን ደግሞ ስለ እንግሊዛዊው ብስክሌተኛ ካሜሮን ጄፈርስ ሳነብ ከረምኩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዝዊፍት በሚባለው መተግበሪያ የተካሄደውን የብሪታንያ ሻምፒዮና አሸንፎ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ብስክሌትህን ከማሽን ጋር ታስረዋለህ፣ ባለህበት ፔዳል ትመታለህ፣ ጉልበትህ በዋት ተለክቶ ስክሪን ላይ ያለውን ምስልህን ይነዳል። የጄፈርስ ምስል የተቀመጠበት ብስክሌት ፈጣን ነው፤ እሱን ለማግኘት ጨዋታው ውስጥ 50,000 ሜትር ዳገት መውጣት ግድ ይላል። ጄፈርስ አልወጣም። ኮምፒውተር ወጣለት። ከወራት በኋላ ማዕረጉ ተነጠቀ፤ 250 ፓውንድ ተቀጣ፤ ለ6 ወር ታገደ።

በዚያው ሰሞን አካባቢ የመኪና ተወዳዳሪው ዳንኤል አብት ጨርሶ ሰው ተክቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የኤሌክትሪክ መኪኖች ሻምፒዮና የሆነው ፎርሙላ ኢ ከቤት ሆነው በኮምፒውተር በሚነዱበት ውድድር ላይ በስሙ የነዳለት የጌም ባለሙያ ነው። ይሄ ግልጽ ማጭበርበር ነው፤ አያከራክርም።

ጄፈርስ ግን እንቅልፍ ይነሳል። ፍጻሜው የተካሄደው ለንደን፣ እስቱዲዮ ውስጥ፣ ተወዳዳሪዎቹ ጎን ለጎን ሆነው ነው። የዚያ ቀን እግሩ፣ ላቡም የራሱ ነው። ጥፋቱ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

ከቤት ሲወዳደሩማ ይብሳል፤ ብዙ ጊዜ ክብደትህን የምትሞላው ራስህ ነህ፣ ቀለል ያለ ደግሞ ዳገት ይቀናዋል። (መርካቶ ውስጥ ሚዛኑን ገዢው ይዞት ቢዞር አስቡት!) ለዚህ መላ አለው፤ ትልልቅ ውድድሮች ላይ ጉልበትን በሁለት መሣሪያ መዝግቦ ማስተያየት ተለምዷል። እ.ኤ.አ. በ2024 የዚሁ የስክሪን ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜም ተወዳዳሪዎችን አቡ ዳቢ ሰብስቧቸዋል።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። መንገዱን የሠራው፣ የብስክሌቱን ፍጥነት የወሰነው፣ የማን ብስክሌት እንዴት እንደተገኘ መዝገቡን የያዘው አንድ ኩባንያ ነው። ቪየና ላይ የተሸነፈ ሯጭ "ጫማው ይለካልኝ" ማለት ይችላል። ያን ቀን ለንደን ላይ ከጄፈርስ ጎን ሲያልቡ የነበሩት ልጆች ዞር ብለው ቢያዩት የሚያዩት እንደነሱው ላብ ያጠመቀው ሰው ነው። ምን ይለካልኝ ይበሉ?