ግማሽ በቆሎ

ወዳጅ ሲሞት የሚጎድለው ትልቁ ነገር ይመስለናል። እኔን ግን ክረምት በመጣ ቁጥር የሚጎድለኝ ትንሹ ነው፤ አንዱን የበቆሎ እሸት ለሁለት ሰብሮ ስለ ሩጫ የሚሟገተኝ ሰው። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችበትን ውድድር አንስተን አንጠግብም ነበር። እኔ በመጨረሻው ዙር አፈትልካ መውጣቷን ሳወራ፣ እሱ ከዚያ በኋላ የሆነውን ያነሳብኛል፤ ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየርን ጠብቃ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን መዞራቸውን።

«ድል ብቻህን ከበላኸውማ ምኑን ጣፈጠ!» ይለኝ ነበር፤ ነፍሱን ይማረው።

ዛሬም እሸቱ ከሰል ላይ ይንጣጣል፤ ሯጮቻችንም ይሮጣሉ። ሙሉውን በቆሎ ብቻዬን ስይዝ ግን ይከብደኛል። እናንተ የሚሟገታችሁ ወዳጅ ካላችሁ፣ ክረምቱ ሳይወጣ ጎራ ብላችሁ ጠይቁት።