ድሬዳዋ በአንድ ቀን

ወደ ሐረር ስንሄድ ድሬዳዋ ላይ አንድ ቀን ቆየን። ከተማዋ የተቆረቆረችው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ ነው።

ድሬዳዋ ቆላ ናት፤ ቀትር ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። ስለዚህ ጧት በ12 ሰዓት ወጣን። መጀመሪያ ከዚራን አየን፤ የድሮው ባቡር ጣቢያ እዚያ ነው። ከዚያ ደቻቱን ተሻግረን ቀፊራ ገበያ ገባን።

ደቻቱ ወንዝ ነው፤ ሲደርቅ ግን አሸዋ ብቻ ይሆናል። ስንመለስ ደክሞን አሸዋው ላይ አረፍ አልን። አንዲት እናት፣ «ልጆቼ፣ ተነሡ! እዚህ ባይዘንብም ተራራው ላይ ከዘነበ ጎርፍ ይመጣል» አሉን። እውነታቸውን ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ በሌሊት ደርሶ ብዙ ሰው ገድሏል።

እናንተም ድሬዳዋ ብትሄዱ ጧት ተነሡ፤ ገበያውን እዩ፤ የአገሩን ሰው ጠይቁ። ደቻቱ ውስጥ ግን አትረፉ፤ አትተኙ።