ቤት ብለቅም ጎመኔን ይዤ ነው!

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። «የራሴ ቤት ሲኖረኝ…» ብላችሁ የጀመራችሁትን ወሬ ስንቴ በተግባር ጨርሳችሁታል? የራሴ ቤት ሲኖረኝ ውሻ አሳድጋለሁ፣ የራሴ ቤት ሲኖረኝ ጓደኞቼን ጠርቼ ቡና አፈላለሁ፣ የራሴ ቤት ሲኖረኝ አገባለሁ! የእኛ የተከራዮች ኑሮ እኮ «ሲኖረኝ» በምትባል አንዲት ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ታላቅ ወንድሜ የዚህ ማኅበር ሊቀመንበር ቢባል አይበዛበትም። በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዘገበ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጥባል፣ ይጠብቃል። የሚወዳት ልጅ ነበረችው። «ዕጣው ይውጣና» እያለ አቆያት። እሷም ቆየች፣ ቆየች፣ ሄደች። አልፈርድበትም፤ ቤት የሌለው ሰው ድፍረቱም የኪራይ ነው። እሱን ካየሁ በኋላ ግን ለራሴ አንድ ነገር ወሰንኩ። ቤት ሳይኖረኝ ሊሆን የሚችል ነገር ካለ አላቆየውም፣ አሁኑኑ አደርገዋለሁ አልኩ። የጀመርኩት በጎመን ነው። አትሳቁ!

የምኖረው አምስት ተከራይና አንድ ቧንቧ ያለበት ግቢ ውስጥ ነው። ውሃ በፈረቃ በሳምንት 2 ቀን፣ ያውም ሌሊት ትመጣለች። አከራያችን ለእያንዳንዱ ቤት ድርሻ ቆርጠዋል፤ በፈረቃ 4 ጀሪካን። ታዲያ በሬ ላይ ቆስጣና ቃሪያ ሲበቅል ያዩ ዕለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ «አንቺ ልጅ፣ ለሰው ያልበቃ ውሃ ለጎመን ልትደፊው ነው? ወይ ንቀይው፣ ወይ ቤት ፈልጊ!» አሉኝ። ቀልድ አልነበረም። በዚህ ኪራይ «ቤት ፈልጊ» መባል ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም።

«እትዬ፣ አንድ ሳምንት ይታገሱኝ። ከድርሻዬ በላይ አንዲት ጣሳ ከነካሁ እኔው ራሴ እነቅለዋለሁ» አልኳቸው። እንዲህ ያናገረኝ የእኔ ጀግንነት ሳይሆን ባልዲው ነው። ባልዲው ውሃውን ከሥሩ ይዞ ለተክሉ እየቆነጠረ የሚሰጥ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተክልን ከላይ ስናጠጣ ከፊሉ በፀሐይ ይተናል፣ ከፊሉ ሾልኮ ይፈሳል። ውሃው ከታች ከተቀመጠ ግን አፈሩ የሚፈልገውን ያህል ብቻ እየሳበ ይወስዳል። ኩራዝ ታውቃላችሁ አይደል? ክሩ ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስበው ማለት ነው። ሐሳቡም የዛሬ አይደለም። ሸክላ መሬት ውስጥ ቀብሮ፣ ውሃ ሞልቶ፣ ዙሪያውን አትክልት ማብቀል በቻይና መጽሐፍ ከተጻፈ 2000 ዓመት አልፎታል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። እኩል የሆኑ 2 ባለ 20 ሊትር ባልዲዎች ፈልጉ። ምግብ የነበረባቸው ይሁኑ፤ ቀለም ወይም ኬሚካል የነበረበትን ተዉት። አንዱን በሌላው ውስጥ ስትከቱት በሁለቱ መቀመጫ መካከል ክፍተት ይተርፋል። ካልተረፈ ጥቂት ጠጠር ድንጋይ ከታች አስገቡ። ያ ክፍተት የውሃው ቤት ነው። የላይኛውን ባልዲ መቀመጫ መሃሉን ብሱና ጎኑ የተበሳሳ የፕላስቲክ ኩባያ ወደ ውሃው እንዲወርድ አድርጋችሁ ግጠሙበት። ኩባያው በእርጥብ አፈር ይሞላል፤ የኩራዙን ክር ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ዙሪያውን ለአየር የሚሆኑ ትንንሽ ቀዳዳዎች ብሱ። ጥግ ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የሚደርስ ቱቦ አስገቡ፤ ውሃ የምትጨምሩት በእሱ ነው። በመጨረሻም የታችኛውን ባልዲ ጎን፣ ከላይኛው መቀመጫ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ብሱት። ትርፍ ውሃ የሚወጣው በዚያ ነው። ይህቺን ቀዳዳ አደራ! ሥርም እንደ ሰው አየር ይፈልጋል፤ ውሃ ውስጥ ከዋለ ይበሰብሳል።

ባልዲው ተወደደብን ካላችሁ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ይበቃችኋል። መሃሉን ቆርጣችሁ የላይኛውን ግማሽ አፉን ቁልቁል ገልብጣችሁ ታችኛው ውስጥ አስቀምጡት። በአፉ በኩል የጥጥ ጨርቅ ክር እስከ ውሃው ድረስ አውርዱ፤ አለቀ። ለሰላጣና ለበሶብላ ይሆናል። ለቲማቲም ግን አይሞከርም።

አፈሩን በተመለከተ ዋልካ ብቻውን አትሙሉ፤ ውሃ ይዞ ይጨቀያል። እኔ አፈር፣ በደንብ የበሰለ ብስባሽና ደቃቅ አሸዋ እኩል እኩል እቀላቅላለሁ። በተከላው ቀን አንዴ ከላይ አጠጡት፤ ከዚያ በኋላ በቱቦው ብቻ ነው። ቲማቲምና ቃሪያ በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ይፈልጋሉ፤ ቆስጣና ሰላጣ ባነሰም ይስማማሉ። ቆስጣ ዘሩ ከተዘራ ከ2 ወር ገደማ በኋላ ይደርሳል። ታዲያ ከሥሩ አትንቀሉት፤ የዳሩን ቅጠል እየቀነጠሳችሁ መሃሉን ተዉለት፣ መልሶ ይሰጣችኋል። የቱቦውን አፍና የትርፍ ውሃ መውጫውን በስስ ጨርቅ ሸፍኑ፤ የቆመ ውሃ የወባ ትንኝ ዘመዶች ሠርግ ቤት ነው። በተለይ ድሬዳዋና አዳማ ያላችሁ፣ ሰምታችኋል?

ወደ አከራዬ ልመለስ። በዚያ ሳምንት ለሁለቱ ባልዲዎች የጨመርኩት 7 ሊትር ገደማ ነው። ግማሹ ደግሞ ምስርና ድንች ያጠብኩበት፣ ሳሙና ያልነካው እጣቢ ነበር። እትዬ በየቀኑ ጀሪካኖቼን በዓይናቸው ሲቆጥሩ ከረሙ። በሰባተኛው ቀን «ግድግዳዬን እንዳያረጥብ ብቻ!» ብለው ገቡ። ፍርዱ ይኸው ነበር። ከወር በኋላ የልጅ ልጃቸው መጥታ «ሦስት ቃሪያ ስጪን ተብያለሁ» ስትለኝ ሰጥቼ፣ በሬን ዘግቼ ሳቅኩ።

አላጋንንባችሁም። ሁለት ባልዲ ቆስጣ ከገበያ አያላቅቅም። ግን የማጠጣውን ውሃ አውቀዋለሁ። በአዲስ አበባ ገበያ ከሚሸጠው ቅጠላ ቅጠል ከፊሉ በአቃቂ ወንዝ ዳር፣ የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ በተቀላቀለበት ውሃ የሚበቅል ነው። አጥኚዎችም በአትክልቱ ላይ ከባድ ብረቶች አግኝተውበታል። ይህን ያወቀ ሰው ከራሱ በር የቀነጠሳት ቅጠል ብትጣፍጠው አይፈረድበትም።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን አንድ ነገር አለ፤ ባልዲ እጀታ አለው። መሬት ላይ ብተክል ኖሮ ግቢውን በለቀቅኩ ቀን ለባለቤቱ ትቼ ነበር የምሄደው። አሁን ግን ነገ «ኪራይ ጨምሪ» ብባልና ብለቅ፣ ከፍራሼ ጋር ፒካፕ ላይ የሚጫን የአትክልት ቦታ አለኝ።

ለወንድሜም አንድ የተዘጋጀ ባልዲ ወሰድኩለት። «የት አስቀምጠዋለሁ? ዕጣው ይውጣና…» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው በሩ ሥር አስቀምጬለት ሄድኩ። እናንተም በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ አትከራከሩት፤ አስቀምጡለት። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!