ጥፋቱ ከጠረጴዛው ሥር

በኢንተርኔት የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ያለች ልጅ መሃል ላይ ስትቋረጥ ሁሉም «ኔትወርኩ ነው» ይላል። አንዳንዴ ግን ጥፋቱ ራውተሩን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘው ኬብል ነው።

መርካቶ ኬብል ሊገዛ የወጣ ሰው የሚጨነቀው ለቁጥሩ ነው፤ ካት 5ኢ፣ ካት 6፣ ካት 8። ቁጥሩ ሲያድግ ዋጋውም ያድጋል። ለተለመደው የቤት መስመር ግን ካት 5ኢ ይበቃል፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ በሰከንድ 1 ጊጋቢት ያሳልፋል።

ይልቅ መጠየቅ ያለበት ስለ ሽቦው ነው፦ ንጹህ መዳብ ነው ወይስ መዳብ የተለበጠ አልሙኒየም? አልሙኒየሙ ይረክሳል፤ ግን ሲታጠፍ ሲዘረጋ ውስጥ ለውስጥ ይሰበራል። መለያው ቀላል ነው፤ የሽቦው ጫፍ በምላጭ ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ከሆነ አልሙኒየም ነው። ለጥቂት ብር ቅናሽ የሥራ ዕድል አይሸጥም።