ሐርፍ መለየት ቋንቋ ማወቅ አይደለም



ዘንድሮ ከምትመረቁት መካከል ከዲፓርትመንታችሁ ትምህርት ጎን ለጎን ጃፓንኛ የተማራችሁ አላችሁ። እኔም ስማር ቆይቻለሁ። ሥራ ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ለኢንተርንሺፕ ሳመለክት ሲቪዬ ላይ «ጃፓንኛ፦ በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ። ሂራጋናና ካታካናን አቀላጥፌ አነባለሁ፤ የኤን 4 መለማመጃ ፈተናም አልፌያለሁ። ከጠያቂዎቹ አንዱ ግን ጃፓናዊ ነበሩ። ስለ ፕሮጀክቴ በቋንቋቸው ቀስ ብለው ጠየቁኝ። ስሜን ተናግሬ ዝም አልኩ። ሰውየው አልተቆጡም፤ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፉ። ቦታውን ከማጣቴ ይልቅ በገዛ እጄ ውሸት መጻፌ አሳፈረኝ።

ያን ቀን መድረሳችን ትዝ አለኝ። ልጅ ሳለሁ ቁርኣን ሳልደናቀፍ እቀራ ነበር፤ ኡስታዛችን «ትርጉሙስ?» ሲሉኝ ግን መልስ አልነበረኝም። ሐርፍ መለየት ዐረብኛ ማወቅ እንዳልሆነ ያኔ ተረድቼ ነበር። ጃፓንኛ ላይ ስደርስ ረሳሁት።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልምከር።

አንደኛ፣ ደረጃችሁን በልኩ ጻፉ። የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና ከኤን 5 እስከ ኤን 1 አምስት ደረጃዎች አሉት፤ ከፍተኛው ኤን 1 ነው። ፈተናው መናገርን አይለካም። ሰርተፊኬት ያለውም ሰው አፉን ማፍታታት አለበት።

ሁለተኛ፣ ቋንቋውን ከሙያ ጋር አጣምሩት። ጃፓን በ2019 እ.ኤ.አ. የጀመረችው የሠለጠኑ ሠራተኞች ቪዛ እንኳ ከቋንቋ ፈተና ሌላ የሙያ ፈተና ይጠይቃል። ስለ ምግብና ስለ አየር ሁኔታ ከምትሸመድዱ የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን ማስረዳት ተለማመዱ።

ሦስተኛ፣ ቋንቋው እስኪጠነክር አትጠብቁ። ለአፍሪካ ወጣቶች በጃይካ በኩል የሚሰጠው የኤቢኢ ኢኒሼቲቭ ስኮላርሺፕ ማስተርስን በጃፓን ኩባንያዎች ከሚደረግ ኢንተርንሺፕ ጋር ያጣምራል። አገር ቤትም ካይዘን የሚተገብሩ ፋብሪካዎች አሉ፤ እዚያ መጀመሪያ የሚፈለገው ሙያችሁ ነው።

አሁን ሲቪዬ «ጃፓንኛ፦ ጀማሪ፤ ፕሮጀክቴን በአጭሩ ማስረዳት እችላለሁ» ይላል። መስመሩ ከበፊቱ ያነሰ ቢመስልም የፈለገ ሰው ቢጠይቀኝ አልደነግጥም። ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ ውሸት አይጨምረውም።

አላህ ጠቃሚ ዒልምና ሐላል ሪዝቅ ይስጠን። አሚን።