ደሙ «ንጹህ» ነው፤ እጁ ግን ይንቀጠቀጣል

በአምቦ፣ በጉደር፣ በግንጪ ወይም በጌዶ የአንድ አዛውንት እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚለው ይታወቃል፦ «እርጅና ነው»። የቡና ሲኒው ከእጃቸው መውደቅ ሲጀምር ጸበል ይኬዳል፤ ቀጥሎ ጤና ጣቢያ። እዚያ ደም ይመረመራል። «ደማቸው ንጹህ ነው» ከተባለ ሁሉም እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አደጋው ያለው እዚህች «እፎይ» ላይ ነው።

ፓርኪንሰን የሚባለው በሽታ በመካከለኛው የአንጎል ክፍል ውስጥ ዶፓሚን የሚያመርቱ ሴሎችን ቀስ በቀስ ይገድላል። ዶፓሚን ሲያንስ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይገትራል፣ እርምጃ ያጥራል፣ ድምፅ ይሰልላል። ምልክቱ ጎልቶ ሲታይ ከእነዚያ ሴሎች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ አልቀዋል።

የዶፓሚን ሚና የታወቀው በከፊል በእንስሳት ምርምር ነው። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1957 ጥንቸሎችን ዶፓሚናቸውን የሚያሟጥጥ መድኃኒት ሰጥቶ አደነዘዛቸው። ሌቮዶፓ ሲወጋቸው በደቂቃዎች ውስጥ ተነሥተው ተንቀሳቀሱ። በ2000 የኖቤል ሽልማት ተጋራ። ዛሬም ዋናው የፓርኪንሰን መድኃኒት ይኸው ሌቮዶፓ ነው። የሚገርመው፣ በ1913 ተለይቶ የወጣው ከባቄላ ነበር፤ የምዕራብ ሸዋ ደጋ በየዓመቱ ከሚያመርተው ባቄላ።

ታዲያ የአንጎል ዶፓሚን ሲጠፋ ደም ምን ይሆናል? ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በላያቸው ላይ የዶፓሚን ተቀባዮች አሏቸው። አንጎል የሚናገርበትን ቋንቋ ደምም ይሰማል ማለት ነው። ኤምፒቲፒ በሚባል መርዝ የዶፓሚን ሴሎቻቸው በተጎዱ አይጦች ላይ የተሠሩ ጥናቶች የነጭ ደም ሴል ቁጥር መቀነሱንና የመከላከል አቅም መዳከሙን አሳይተዋል። ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። በ2009 በታተመ ጥናት ሲዲ4 የተባሉት ሊምፎሳይቶች የሌሏቸው አይጦች ያንኑ መርዝ ሲወስዱ የአንጎል ሴሎቻቸው ጉዳት ቀንሶ ተገኝቷል። ስለዚህ ደም የአንጎሉን ጉዳት ከመስማት አልፎ ጉዳቱን ሊያባብስም ይችላል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኤምፒቲፒ የሚወጋው ሰውነት ላይ ስለሆነ መርዙ ራሱ ደምን ነክቶ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ይነሣል። ለዚህም ሌሎች ተመራማሪዎች የተለየ መርዝ በቀጥታ አንጎል ውስጥ ይጨምራሉ። እንዲያም ሆኖ የቀዶ ሕክምናው ጭንቀት ብቻውን የደም ሴሎችን ቁጥር ይለውጣል። የአይጥ ውጤት ለሰው እንዳለ አይገለበጥም።

በሰዎችም ላይ ተመሳሳይ ፍንጭ አለ። የፓርኪንሰን ሕሙማን በአማካይ ሊምፎሳይታቸው ዝቅ፣ ኒውትሮፊል የሚባሉት ሴሎቻቸው ደግሞ ከፍ ያለ ሆኖ ይገኛል። ነገር ግን ይህ የብዙ ሰዎች አማካይ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ የአንዱ አዛውንት ውጤት ጤነኛ ከሚባለው ክልል ላይወጣ ይችላል። ወባ፣ ታይፎይድ፣ ጭንቀትም እነዚህኑ ቁጥሮች ያዛባሉ። ባጭሩ፣ መደበኛው የደም ቆጠራ ፓርኪንሰንን አያረጋግጥም፤ የለም ብሎ ለማሰናበትም አይበቃም።

ደስ የሚለው ነገር በሽታው የሚለየው በዓይንና በእጅ መሆኑ ነው። አውራ ጣትና አመልካች ጣትን ደጋግሞ እንዲያገናኙ ማድረግ፣ ክንድን አጥፎ ዘርግቶ ግትርነቱን ማየት፣ አስነሥቶ ማስኬድና ማዞር፣ እጅ ጭን ላይ አርፎ ሳለ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ መመልከት። ይህን ለማድረግ ባኮም ሆነ ጀልዱ ያለ የሠለጠነ ባለሙያ ማሽን አያስፈልገውም። ጥርጣሬ ካለ ወደ አምቦ፣ ከዚያም የነርቭ ሐኪም ወዳለበት አዲስ አበባ መላክ ነው።

በ1980ዎቹ በቡታጅራ ገጠር 60,820 ሰዎችን ያካተተ ጥናት የፓርኪንሰንን ስርጭት ከ100,000 ሰው 7 ብሎ መዝግቦ ነበር። አብዛኛው ሕዝብ ወጣት በሆነበት አገር ቁጥሩ ዝቅ ማለቱ አይገርምም። አሁን ግን ዕድሜ እየረዘመ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በዓለም ላይ ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን እንዳሉ ገምቷል፤ በ25 ዓመት ውስጥ ቁጥሩ እጥፍ ሆኗል። መድኃኒቱም በብዙ ድሃ አገሮች እንደልብ እንደማይገኝ ይኸው ድርጅት ይናገራል።

ሁለት ነገር መነገር አለበት። አንደኛ፣ ባቄላ መድኃኒት አይደለም፤ በአንድ እፍኝ ውስጥ ያለው የሌቮዶፓ መጠን ከማሳ ማሳ፣ ከእሸት እስከ ደረቅ ይለያያል። መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ ከባቄላ ጋር ሲደርብ መጠኑ ሊዛባበት ይችላል። ሁለተኛ፣ የጀመሩትን መድኃኒት ተሻለኝ ብሎ ወይም ገንዘብ አጠረኝ ብሎ በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት ያሰጋል። ሐኪም ሳያማክሩ አይደረግም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እነዚህ አባቶችና እናቶች ግን በሽታቸውን አልደበቁም፤ በየቡናው ላይ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ያሳያሉ። ልጆቻቸው የደም ውጤቱን ወረቀት ይዘው ከመመለሳቸው በፊት አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ይበቃል፦ «ደማቸውስ እሺ፤ አካሄዳቸውን አይተውታል?»