ትራክተር ፍለጋ ከቃሊቲ እስከ አሰላ

ከአዲስ አበባ ወደ አርሲ የሚወርድ መንገደኛ ቃሊቲ ሲደርስ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው ነገር እንደ ሙያው ይለያያል። የቢሮ ሰው ከሆነ የሚታየው ከባድ መኪናና አቧራ ብቻ ነው። ገበሬ የሆነ እንደ ሆነ ግን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይቀራል፤ በየአጥሩ ውስጥ ቀይ፥ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀቡ ትራክተሮች ገና ጭቃ ሳይነካቸው እንደ ሰልፈኛ ወታደር ተደርድረው ቆመዋልና። የኋላ ጎማቸው ከሰው ቁመት ይተካከላል፤ መቀመጫቸው ገና ከላስቲኩ አልወጣም። ይህን አይቶ ልቡ የማይሸፍት ገበሬ ያለ አይመስለኝም። ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ ነው ዕቃውን ከመንገድ ዳር የሚያቆመው።

«ይህ ነገር ለተማሪና ለመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ምኑ ነው?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ከገበሬ ቤት ወጥቶ ከተማ የገባ ልጅ ግን አንድ ቀን መጠራቱ አይቀርም። «ልጄ፥ ትራክተር ልንገዛ አስበናልና ወረቀቱን እያነበብህልን አብረኸን ትዞራለህ» ይባላል። እምቢ ማለት አይቻልም። የዋስትናው ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፤ የመለዋወጫው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው፤ ውሉ በአማርኛ ቢሆንም ከእንግሊዝኛው አይቀልም። ስለዚህ የተማረው ልጅ ሳያስበው የብዙ ዓመት ጥሪት በሚወጣበት ገበያ ላይ አስተርጓሚ፥ ጠበቃና ምስክር ሆኖ ይገኛል። እኔም ባለፈው በጋ በዚሁ ሥራ ላይ ስለ ሰነበትሁ ያየሁትን ከመንገዱ ጋር አያይዤ ላውጋችሁ።

አጎቴ በኢተያ አጠገብ ስንዴና ገብስ የሚያርሱ ሰው ናቸው። ትራክተሩን ሊገዙ ያሰቡት ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ገንዘብ አዋጥተው ነው። የሦስቱ መሬት ቢደመር አንድ ትራክተር ለጥቂት ቀን እንጂ ለወራት ሥራ አያስይዝም፤ ስለዚህ ሐሳባቸው የራሳቸውን ከጨረሱ በኋላ የሰው መሬት በኪራይ እያረሱ ዕዳውን ሊከፍሉ ነው። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው በአንድ ነጥብ ላይ ነው። በዚያ አገር የክረምቱ እርሻ ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ሐምሌ ነው፤ ስንዴው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ይዘራል። በእነዚያ ሳምንታት የቆመ ትራክተር ዕዳውን ብቻ እየቆጠረ የሚቀመጥ ብረት ነው።

በመጀመሪያ የገባንበት ግቢ የመስታወት አዳራሽ አለው። ከረባት ያሰረ ጨዋ ወጣት ተቀብሎ ቡና አዘዘልን፤ ባለ ሥዕል ወረቀትም አደለን። «አባባ፥ ይህ 80 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ሃይድሮሊኩ ጠንካራ ነው፤ ናፍጣም አይበላም» እያለ ሲያስረዳ አጎቴ ጎማውን በከዘራቸው መታ መታ እያደረጉ ዞሩት። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ልጄ፥ የዚህ የናፍጣው ፊልትሮ ዛሬ እዚህ ግቢ ውስጥ አለ?»

«ችግር የለም አባባ፥ ይመጣል።»

«መቼ?»

«ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ብዙ አይቆይም።»

አጎቴ አመስግነው ቡናቸውን ጨረሱና ወጡ። በር ላይ ስንደርስ «ይመጣል የሚባለው እንግዳ ነው፤ ፊልትሮ ግን ወይ አለ ወይ የለም» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በየግቢው ስንገባ በፊት ለፊቱ አዳራሽ ሳይሆን በጓሮው ጋራዥ በኩል መጀመርን ልማድ አደረግን። እዚያ ማንም ቡና አያዝልህም፤ የምትፈልገው ግን ሁሉ አለ። ስንት መካኒክ ይሠራል? ወደ ገጠር የሚወጣ የአገልግሎት መኪና አላቸው ወይስ «ጭናችሁ አምጡት» ነው የሚሉት? በጥግ የቆሙት የደንበኛ ትራክተሮች ከመቼ ጀምሮ ነው የቆሙት? ይህን የመጨረሻውን ለሽያጭ ሠራተኛው መጠየቅ አያስፈልግም፤ ከትራክተሩ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሾፌር አይጠፋምና እሱ ሳይጠየቅ ይነግራል። በሁለተኛው ግቢ የመለዋወጫ መጋዘኑ ኃላፊ መደርደሪያውን ራሱ ከፍቶ አሳየን። ፊልትሮ፥ ቺንጊያ፥ የውኃ ፖምፓ፥ የፍሪሲዮን ሸራ በየቁጥሩ ተቀምጧል። «ሞተሪኖ አሁን የለንም፤ ሁለቱ ባለፈው ሳምንት ወጡ» ሲል አጎቴ ወደ እኔ ዞር ብለው ፈገግ አሉ። የለም የሚል ነጋዴ አለ ሲል ይታመናል ማለታቸው ነው።

ስለ ዋጋው ወረቀት፥ ማለት ስለ ፕሮፎርማው፥ ትንሽ ልበል። ፕሮፎርማ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ዋጋው ጸንቶ የሚቆይበት ቀንም አለበት። ብዙ ሰው ከላይ ያለውን ቁጥር አይቶ ከታች ያለውን ቀን አያነብም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ሲወጣ ስላየን፥ ቀኑ ያለፈበት ፕሮፎርማ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማንም ግልጽ ነው። በዱቤ ወይም በካፒታል ዕቃ ኪራይ የሚገዛ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቅ፤ አበዳሪው ወረቀቱን አይቶ እስኪወስን ቀኑ እንዳያልፍ። በኪራዩ መንገድ ትራክተሩ ዕዳው እስኪያልቅ የአከራዩ ንብረት ነው። ነጋዴውን የሚመርጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ገበሬው ራሱ ስለ ሆነ፥ ገንዘቡን ሌላ ይከፍላል ብሎ ምርጫውን ማቃለል አይገባም። ማረሻው በዋጋው ውስጥ መኖሩንም ጠይቁ። ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ በሥዕሉ ላይ ታይቶ በሒሳቡ ላይ የሚጠፋበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛውን ግቢ ወደድነው፤ አጎቴ ግን «አገሬ ያለውን መካኒክ ሳልጠይቅ ገንዘብ አላወጣም» ስላሉ ወደ አሰላ ወረድን።

ፈጣኑ መንገድ እስከ አዳማ ድረስ ለጨዋታ ጊዜ አይሰጥም። አዳማ በዓፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተብላ በኋላ ወደ ቀድሞ ስሟ የተመለሰች ከተማ ናት፤ ለትራክተር ነገርም እንግዳ አይደለችም። በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የትራክተር መገጣጠሚያ የተቋቋመው እዚህ ነው፤ የሚንስክ ሥራ የሆነው ቤላሩስ ትራክተርም በዚያ መንገድ በመላ አገሪቱ ታወቀ። ከአዳማ ወደ ደቡብ ሲታጠፉ የአዋሽ ወንዝ ይገኛል፤ በዚያው አካባቢ የመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል አለ። ይህ ማዕከል በበሬ ስለሚጎተቱ የእርሻ መሣሪያዎች ብዙ የደከመ ነው። ትራክተር ልገዛ ነው ብሎ በዚያ የሚያልፍ ሰው፥ በሬ ገና ሥራውን እንዳልጨረሰ ቢያስታውስ አይጎዳም።

ከአዋሽ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። ዴራን አልፎ ወደ ኢተያ ሲቃረብ ግራሩ ያልቅና ማሳው ይከፈታል፤ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሆነው የጭላሎ ተራራ ደመናውን ለብሶ ይታያል። እዚህ ላይ ያ ከረባት ያሰረው ወጣት ያልነገረን ነገር ትዝ አለኝ። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት በባሕር ጠረፍ አየር የተለካ ነው። አየሩ ከፍ ባለ ቁጥር ይሳሳል፤ ሞተርም ናፍጣውን የሚያቃጥለው በአየር ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ጉልበት ያጣል። አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፥ ቃሊቲ 80 ተብሎ የተሸጠው ትራክተር እዚያ ከ60ዎቹ ብዙም ፈቀቅ አይልም። በዚያ ላይ ከሞተሩ ጉልበት ወደ ኋላው ዘንግ፥ ፒቲኦ ወደሚሉት፥ እስኪደርስ ጥቂቱ በመንገድ ይቀራል። ባለ ቱርቦው ጉዳቱ ያንስበታል። አጎቴ ይህን ስነግራቸው ጥቂት አስበው «በሬም ደጋ ሲወጣ ያለከልካል» አሉ።

ከኢተያ ወደ አሰላ ሲጓዙ ጎንዴን አለፍ ብሎ ቁሉምሳ ይገኛል፤ የስንዴ ምርምር ማዕከሉ አለበት። ይህ አካባቢ ከ1960 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፥ በምሕጻሩ ካዱ፥ የሠራበት ነው። ምርጥ ዘር፥ ማዳበሪያና ብድር ለአነስተኛው ገበሬ እንዲደርስ ታስቦ ነበር፤ ደርሷልም። ነገር ግን ስንዴው ሲያተርፍ ባለርስቱም ነቃ። ያን ጊዜ እንደ ቅርቡ ዘመን የእርሻ መኪና ከቀረጥ ነፃ ይገባ ነበርና፥ ትራክተር የገዛ ባለርስት ጢሰኛውን «እስከ ዛሬ ላረስኸው ይበቃሃል» እያለ ያሰናብት ጀመር። ብዙ ቤተ ሰብ በዚያ ምክንያት ከጭላሎ ተፈናቅሏል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት እንዲሆን የታወጀው አዋጅ ያንን ሥርዓት ዘጋው። የአጎቴ አባት ከተሰናበቱት አንዱ ነበሩ። አጎቴ ይህን የነገሩኝ እንደ ቀልድ ነው፤ መኪናው ግን እያለፈበት ያለውን ማሳ ዓይናቸው እስኪርቅ ይከተሉት ነበር። አሁን ልጁ በተራው ያንኑ ቀይ መኪና ሊገዛ ነው።

አሰላ ስንደርስ መካኒኩን በጋራዡ አገኘነው። በመካከል አንድ ትራክተር ለሁለት ተከፍሎ በእንጨት ላይ ተደግፏል፤ ሞተሩ ወዲህ፥ ካምቢዮው ወዲያ። ባለቤቱ ዕቃው ርካሽ ስለ ነበረ ከአንድ አዲስ አስመጪ ገዝቶት፥ አስመጪው በዓመቱ ሱቁን ዘግቶ ሄዷል። የጎደለው አንድ ጥርስ ነው። ሶማሌ ተራ ቢፈለግ አልተገኘም፤ ለማስቀረጽ ተሞክሮ አንድ ሳምንት ሠርቶ ተሰበረ። «ትራክተሩ መጥፎ አይደለም» አለን መካኒኩ፥ «አባት የሌለው ነው እንጂ።» በአርሲ ቀዩ ማሲ ፈርጉሰን ለምን እንደ በዛ ብንጠይቀው፥ ከሁሉ የተሻለ ስለሆነ ሳይሆን ዕቃው በየከተማው ስለሚገኝና እሱ ራሱ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚፈታው መሆኑን ነገረን።

ያገለገለ ትራክተር ስለ መግዛትም ጠየቅነው። መልሱ ረጅም ነበር። መጀመሪያ ከመነሣቱ በፊት ሞተሩን በእጅ መዳሰስ፤ ሞቆ ከተገኘ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆታል ማለት ነው፤ በብርድ የማይነሣ ሞተር የሚደበቀው እንዲህ ነው። ሲነሣ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ ማየት፤ ጢስ በኃይል ከወጣ ፒስቶኑ ደክሟል። የሰዓት ቆጣሪው 900 እያለ የፍሪሲዮኑ ፔዳል እንደ አሮጌ ሳንቲም ከለሰለሰ ቆጣሪውን ሳይሆን ፔዳሉን ማመን ይሻላል። ማረሻውን አንሥቶ ሞተሩን ማጥፋት፤ ቶሎ ከወረደ ሃይድሮሊኩ ያፈሳል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር መግጠሙን፥ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ማጣራት የእኔ የጸሐፊው ድርሻ ነው አለ፤ ልክ ነው።

በማግስቱ ወደ ሁለተኛው ግቢ ተመለስን። ክርክሩ በዋጋው ላይ አልነበረም፤ ከዋጋው ያገኘነው ቅናሽ ለወሬ አይበቃም። ክርክሩ በውሉ ላይ ነበር። የ50 ሰዓቱና የ250 ሰዓቱ አገልግሎት ኢተያ ማሳው ላይ እንዲደረግ፥ የመካኒኩን አበልና መጓጓዣ ማን እንደሚከፍል፥ ሾፌሩ ለስንት ቀን እንደሚሠለጥን፥ ከትራክተሩ ጋር የሚሰጡት ፊልትሮዎች በቁጥር እንዲጻፉ ጠየቅን። ሥራ አስኪያጁ እነዚህን ተቀበለ። «ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ትራክተሩ ቢቆም በሦስት ቀን ውስጥ መካኒክ ይልካል» የሚለውን ግን አልፈርምም አለ። በዚያ ወቅት ሁሉም ይደውላል፤ የማልችለውን አልጽፍም አለን። አጎቴ ጎረቤቶቻቸውን ወደ ጥግ ወስደው ተማከሩ። ተመልሰው «ስንት ቀን ትችላለህ?» አሉት። አምስት አለ። አምስት ተብሎ ተጻፈ፤ ለጎደለው ሁለት ቀን ማካካሻ አንድ የውኃ ፖምፓና ሁለት ቺንጊያ በነፃ ተጨመረ፤ ተፈረመ።

ትራክተሩ በሎቤድ ተጭኖ ኢተያ የገባው በመጋቢት ነው። የሚነዳው የጎረቤታቸው ልጅ ነው፤ በተማሪ ደብተር ላይ በየማታው የቆጣሪውን ሰዓት፥ የገባውን ናፍጣና የታረሰውን መሬት ይጽፋል። በ50 ሰዓቱ መካኒኩ መጥቶ ዘይቱን ቀይሮ ሄዷል። በሰኔ መግቢያ የሃይድሮሊክ ቱቦ ፈንድቶ ትራክተሩ ቆመ፤ ሰውየው የደረሰው በአራተኛው ቀን ነው። ይህን ስጽፍ ደብተሩ 212 ሰዓት ይላል።